በክብሪት ቀፎ የተለካ ኪቦርድ

በዕድሜዬ ካወራኋቸው ውሸቶች አብዛኞቹን ነፋስ ወስዷቸዋል፤ ሰው ስቆባቸው እኔም ረስቻቸው ቀርተዋል። አንዱ ግን አሳዶ ያዘኝ። እውነት እስካደርገው ድረስ አልለቀቀኝም። ያ ውሸት የተወለደው በአንድ ስስ ኪቦርድ ላይ ስለሆነ ከኪቦርዱ ልጀምር።

መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ሱቅ፣ ማመልከቻ እየጻፍኩ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። የጻፍኩት ወረቀት ቢነጠፍ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ ሁለት ጊዜ ያለብሳል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «አንዴ ይበቃል፣ ሁለቴውን ቀንሰው» ትለኛለች። እሺ፣ አንዴ። ከዚህ በታች ግን ብሞትም አልወርድም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ከጎኔ ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ በደሉን ይነግረኛል። አላቋርጠውም። ሲጨርስ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ መልሼ እነግረዋለሁ። «እንዲህ ነው ያሉኝ?» እላለሁ። «እንዲያ ነው» ካለ በኋላ ነው እጄ ቁልፍ የሚነካው። ይህን ልማድ የያዝኩት በታይፕ ዘመን ሥራውን ካስተማሩኝ ሽማግሌ ነው። ያኔ ተሳስቶ ወረቀት ማበላሸት ነውር ነበር፤ መጀመሪያ በራስህ ውስጥ ትጽፋለህ፣ ከዚያ በጣትህ ትገለብጣለህ።

ከታይፕ ዘመን የተረፈ ሌላም ልማድ አለ። የወረዳችን የሀብሩ ባለጉዳይ ጽሕፈቱን በዓይኑ አያየውም፤ በጆሮው ነው የሚያየው። ቁልፉ ሲንጣጣ «ገባለት!» ይላል። የበደሉ ቦታ ላይ ስደርስ ጠንከር አድርጌ ካልመታሁ ፊቱ ይጠቁራል። አንዴ አንዲት እናት፣ ያስደበደባቸውን ሰው ስም ቀስ ብዬ ብጽፈው፣ «ምነው ልጄ፣ ዘመድህ ነው እንዴ?» ብለውኛል።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው በደል ስደበድብ የኔ እጅ አንጓ ዝም ብሎ ይኖራል? አይኖርም። አማርኛ ደግሞ ለጣት አያዝንም፤ በኮምፒውተር አብዛኛውን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መምታት አለብህ። ፈረንጅ አንድ ገጽ ሲጽፍ እኔ ሁለት ገጽ እመታለሁ፣ ያውም ስድቡን ሳይጨምር። መጀመሪያ ጣቴ ደነዘዘ። ቀጥሎ አንጓዬ ያቃጥለኝ ጀመር። በመጨረሻ የሻይ ብርጭቆ ሳነሳ እጄ እንደ ሰካራም ይወላገድ ጀመር። ወልድያ ወጥቼ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ።

«ለስድስት ወር አሳርፈው» አሉኝ ሐኪሙ።

«የሀብሩ ሰው ለስድስት ወር ድንበር አይገፋፋም ብለው ይፈርሙልኝና አሳርፈዋለሁ» አልኳቸው።

ሳቁና እንዴት እንደምጽፍ በጠረጴዛቸው ላይ አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው። «እጅህን ወደ ላይ ሰብረህ ነው የምትጽፈው። ኪቦርድህ ረጅም ነው። ዝቅ ያለ ፈልግ» አሉ። መድኃኒቱ ይኸው ነበር። ከሐኪም ቤት የኪቦርድ ማዘዣ ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ወሎዬ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። በመጀመሪያ በራሴ ጥበብ ሞከርኩ፤ ካልሲ ውስጥ ማሾ ሞልቼ ከእጄ አንጓ ሥር አነጠፍኩ። ለሁለት ሳምንት ሰላም አገኘሁ። በሦስተኛው ሳምንት ካልሲውን ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ማታ የበላሁት የማሾ ወጥ ለምን እንደዚያ እንደጣፈጠኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የወልድያ ልጅ ነው፣ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ለእሱ ነገርኩት። የመጀመሪያ ጊዜ ያመጣልኝ ኪቦርድ ሜካኒካል የሚሉት ነበር፤ በየቁልፉ ሥር የራሱ ሞላ አለው፣ ስትነካው ቀጭ ይላል፣ ድምጹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ባለጉዳዮቼ በደስታ አበዱ። መብራቱ ደግሞ ሰባት ዓይነት ቀለም እያፈራረቀ የሰርግ አዳራሽ መሰለ። ግን ቁመቱ! የአምባሰልን ተራራ አስቀምጦብኝ ነው የሄደው። በሳምንቱ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

በሁለተኛው ጉዞ ስስ አመጣልኝ፤ እንደ ቂጣ የሳሳ። እጄ አረፈ። ነገር ግን ድምጽ የሚባል አልፈጠረበትም። ቁልፉ ሲነካ መነካቱ አይታወቅም፣ ጣት ወዴት እንደገባ አይታወቅም። አንድ ባለጉዳይ ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየኝና ከጎኑ ላለው «ይህ ሰውዬ አይጽፍም እኮ፣ ይዳስሳል» አለው። ተነስተው ሄዱ።

ስለዚህ ሾፌሩን ጠርቼ ሦስተኛውን አዘዝኩ። «ሜካኒካል ይሁን፣ ይንጣጣ። ግን ዝቅ ያለ ይሁን» አልኩት። አልገባውም። ከኪሱ ክብሪት አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛሁት።

«ይኸው ልኩ። ከዚህ ቀፎ ከፍ ያለ እንዳታመጣ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሾፌር ነኝ ወይስ የሙሽራ ቀለበት ለኪ?» አለና ክብሪቱን ይዞ ሄደ። ኋላ እንደነገረኝ አዲስ አበባ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ክብሪቱን ከየኪቦርዱ ጎን ሲያስተኛ፣ ነጋዴዎቹ ሱቅ ሊያቃጥል የመጣ መስሏቸው ሁለት ቦታ አባረውታል። ይህኛው ማጋነን የሱ ነው፤ የኔን አትቁጠሩብኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ ይገፋ ነበር። መጀመሪያ ወሬው መጣ፤ ቀጥሎ ወሬውን የሸሹ ሰዎች መጡ፤ ከዚያ ፍራሽ የጫኑ ባጃጆች በአስፋልቱ ወደ ደሴ ይጎርፉ ጀመር። ሾፌሩ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ ሲወርድ እሱ እናቱን ሊያወጣ ወደ ወልድያ ይወጣል። ሱቄ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንድ ካርቶን ወረወረልኝ።

«እንካ! ሰው ልጁን ያሸሻል፣ አንተ ኪቦርድ ትቀበላለህ!»

«ለክተኸዋል?» አልኩት።

«ክብሪቱ ውስጡ አለ፣ አንተ ጉድ!» ብሎ ነዳው።

ካርቶኑን ከፈትኩት። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ጀርባው ብረት። ክብሪቱን ከጎኑ አስተኛሁት፤ ትክክል። እጄን ጣል አደረግሁበት። ዘላለም አቀበት ሲወጣ የኖረ አንጓ ሜዳ አገኘ። ቁልፉ ጠልቆ አይወርድም፤ ገና ሳትጨነቅ ይቀበልሃል፣ ቀጭ ብሎ ይመልስሃል፣ «ሰምቼሃለሁ» እንደሚል ሰው። ድምጹ እንደ ፊተኛው በረዶ አይደለም፤ የደረቀ ሽምብራ በጥርስ እንደመቆርጠም ነው። የራሱ ባትሪ አለው፤ ከፊደሎቹ ሥር ነጭ ብርሃን ይፈነጥቃል። ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁትና ሦስት መስመር ጻፍኩ። በአራተኛው መስመር መብራት ጠፋ። የጠፋው ለዚያን ቀን ብቻ አልነበረም።

በማግሥቱ ስልኩም ተከተለ። በቀጣዩ ቀን ከተማው ከሰሜን በመጡት ታጣቂዎች እጅ ገባ። ባለቤቴ «ቤቴን ለእባብ ትቼ አልሄድም» ስላለች ቀረን። እኔ እንኳን ለመሄድ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር፤ ስታየኝ መልሼ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሱቄ ተሰበረ። ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ያ አምባሰልን የሚያህለው ኪቦርድ፣ ቂጣው ሳይቀር ተጫነ። አዲሱ ግን ቤት ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ አቅፌው እንጂ ትቼው አድሬ አላውቅም።

አሁን አስቡት። ዕድሜ ልኬን የፈለግኩት ኪቦርድ በእጄ ገብቷል፤ የሚሰካበት ግን ሰባራ ኮምፒውተር የለም። ምን ላድርግ? ሥራ ፈትቶ መቀመጥ እጄን ሊገድለው ሆነ። በጠራራ ፀሐይ ቤት ካለው ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብዬ ኪቦርዱን አበራውና እጽፍ ጀመር። ወዴት? ወደ የትም። ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ መብራት ኮምፒውተር ፍለጋ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ እኔ ደግሞ «ጉዳዩ፦ የሱቄን መሰበር ይመለከታል» እያልኩ እቀጠቅጣለሁ። ዝም በሉ በተባለበት ከተማ ውስጥ የኔ ቤት ብቻ ይንጣጣ ነበር። ባለቤቴ «አበድክ?» አለችኝ። «ከማበድ እየጻፍኩ ነው» አልኳት።

ከአጥሩ ማዶ ሐጂ ይኖራሉ። ገበሬ ናቸው፤ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው በኩል የመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ፣ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ለቀልድ ብዙ የማይመቹ ሽማግሌ። ድምጹን ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ መብራት መጣ እንዴ?»

«አልመጣም ሐጂ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጽፈው?»

እዚህ ላይ ነው ምላሴ ያመለጠኝ። ጦርነት ሁሉን ነገር ይወስዳል፤ የኔን ክፉ አመል ግን የሚወስድልኝ አላገኘሁም። «ይህ አዲሱ ነው ሐጂ» አልኳቸው። «የተጻፈው ሁሉ ውስጡ ይጠራቀማል። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ ሳደርገው ዝርግፍ ይላል።»

የምትብለጨለጨዋን መብራት አዩ። ፊደሎቹ ሥር ያለውን ብርሃን አዩ። አገር ሙሉ ጨልሞ ይህ ነገር ሲበራ ካዩ ምን ያድርጉ? ሕይወት እንዳለው አመኑ። «ማሻ አላህ» አሉና ገቡ። እኔ ሳቄን አፍኜ ቀረሁ። ነገሩ በዚያ አለቀ ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ሐጂ የታጠበ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው በበር መጡ። ባለጉዳይ የሚቀመጥበት በኩል ተቀመጡ። በትራቸውን ከጉልበታቸው መሐል ተከሉ።

«ጻፍ» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት። «ለማን ብዬ ልጻፍ ሐጂ? ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል፣ የሚቀበልም የለ።»

«ለሚመጣው ጻፍ። የሚመጣ አይጠፋም። ሰው ዝም ካለ ሞቷል ማለት ነው፤ እኔ አልሞትኩም። ጻፍ።»

ነገሩኝ። የሽንኩርቱን ውሃ የሚስበውን ሞተር ታጣቂዎች ጭነው ወስደውባቸዋል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያ ስለ ማንጎው ጀመሩ። ከማሳው ጫፍ የቆመች አንዲት የማንጎ ዛፍ ነበረቻቸው፤ ለማገዶ ተቆርጣለች።

«ማንጎዋ ኮምጣጣ ነበረች» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ጥርሴን አደንዝዛለች። ክሯ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ አይወጣም። ገበያ ብወስዳት የሚያነሳት አጣሁ። ለአህያዬ ብሰጣት አህያዬ አየችኝ። በየዓመቱ ‘ዘንድሮስ እቆርጥሻለሁ’ እላታለሁ፤ በየዓመቱ እተዋታለሁ። መጥረቢያ ይዤ ሄጄ ጥላዋ ሥር ተኝቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። መቆረጥ ካለባት እኔ ነበርኩ የምቆርጣት። የሠላሳ ዓመት ጠቤ ነበረች፤ ጠቤን ማን ፍቀድልኝ ብሎ ጨረሰብኝ? ይህን ጻፍ።»

እንደ ልማዴ ከሀ እስከ ፐ መልሼ ነገርኳቸው። «እንዲህ ነው ያሉኝ?» አልኩ። «እንዲያ ነው» አሉ። ከዚያ ጻፍኩ። አንድም ፊደል ሳልዘል፣ ነጥቡን ሳይቀር፣ ወደ የትም ወደማይሄድ ኪቦርድ ጻፍኩ። ሞተሩ ላይ ሳልመታ አለፍኩ ማለት ይቻላል፤ «ጠቤን» ላይ ስደርስ ግን ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያበቃ «አልሐምዱሊላህ፣ ገባ» አሉና ተነሱ። ሲወጡ ከኋላ ሲታዩ በአንድ ክንድ ረዝመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጎረፈ። ሰባት ሺህ ሰው ይሆናል። ባለቤቴ ሰባት ነው ትላለች፤ ሐጂን ጨምሮ። ከብቱ የተነዳበት፣ በሩ የተነቀለበት፣ የሰርግ ፎቶዋ የተቀደደባት። ሁሉም በቀን በብርሃን፣ ጓሮ ለጓሮ እየመጡ «ያዝልኝ» ይሉኛል። የኪቦርዱ ባትሪ ሲደክም ሐጂ ጣራቸው ላይ ካለችው ትንሽ ሶላር ይሞሉልኛል። «ውስጡ እንዳይበላሽ» እያሉ በነጠላ ጠቅልለው ይመልሱልኛል። እኔ ውሸቴን ተቀብዬ አመሰግናለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሳቅ ነበር። አልሳቅኩም። ሰዎቹ ሌላ ቦታ ሊናገሩት የማይችሉትን እኔ ጋ አስቀምጠው ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ሰባት ሰው ሙሉ ያመነው ባዶ ሳጥን ታቅፌ እቀራለሁ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁለት ታጣቂዎች ለፍተሻ ገቡ። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ መብራት ያለው ነገር ሁሉ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ እግራቸውን በሩ ላይ ስትሰማ ኪቦርዱን አጥፍታ ከጠረጴዛው ላስቲክ ሥር አስገባችው፤ ከላዩ የሽሮ ሰሃን አኖረች። ይታያችሁ፣ ያ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ላስቲኩ የስድስት ወር እርጉዝ መስሎ ነበር። ይህ ግን በክብሪት ቀፎ የተለካ ነው፤ የተዛባ የላስቲክ እጥፋት እንኳን አይመስልም። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ጓደኛው ጓዳ ሲበረብር ደክሞት ተቀመጠና ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

ቀጭ!

ክርኑን አነሳ። እንደገና አሳረፈ።

ቀጭ!

«ምንድን ነው ይሄ?»

ባለቤቴ ዓይኗን አላርገበገበችም። «ጠረጴዛው ነው። እሱም እንደ ባለቤቴ ጉልበቱ አልቆ ይንቋቋል። ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብላ ልጄ፣ ከመጣህ አይቀር።»

ሰውየው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ። ሽሮውን አልበላም፤ ወጡ። እኔ ግን የዚያን ቀን ስለ ጉልበቴ ስለተባለው ነገር እስከ ዛሬ ይግባኝ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ አልተቀበለችውም።

ከወራት በኋላ ታጣቂዎቹ ለቀው ሄዱ። መብራቱ ግን ቶሎ አልተመለሰም፤ የወደቀ ምሰሶ ሲነሳ፣ የተቆረጠ ሽቦ ሲቀጠል ስንት ጊዜ «ዛሬ ነው» ተባለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከተማው በአንድ አፍ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩም በዚያው ሰሞን በኤፍ ኤስ አሩ መጣ። እናቱን ደሴ አድርሶ፣ መኪናዋን ገጠር ውስጥ በጭድ ሸፍኖ አትርፏታል። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ፕሪንተር ይዞልኝ ነበር።

«ኪቦርዱስ?» አለኝ። አሳየሁት። «ይህን ያህል ጦርነት ያለፈው ስለሳሳ ነው» አለ። «አንተ ግን በምን አለፍክ? አልሳሳህ!»

ልስቅ ስል በሱቁ በር ላይ ሐጂን አየኋቸው። ያው የታጠበ ጀለቢያ፣ ያው በትር። ከኋላቸው ሌሎቹ ስድስቱ አስፋልቱ ዳር ባለው ግንድ ላይ ተደርድረዋል። ጉዳት የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ተከፍቷል ተብሏል። ሰው ሁሉ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ሲሯሯጥ እነዚህ ሰባቱ ተረጋግተዋል፤ የነሱ ተጽፎ ያለቀ ነዋ!

«አብሽር፣ መብራቱ መጣ» አሉኝ ሐጂ ገብተው ሲቀመጡ። «እንግዲህ ዝርግፍ አድርገው።»

ሾፌሩን እንዲወጣ በዓይኔ ነገርኩትና በሩን ገርበብ አደረግኩ። ስንት ሺህ የሰው ልብ የሚሰብር ቃል የጻፍኩ ሰውዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

«ሐጂ፣ ውስጡ ምንም የለም።»

«እንዴት ምንም የለም?»

«ኪቦርድ አያስቀምጥም። ያኔ በአጥሩ ላይ ሲጠይቁኝ ቀልዴን ነበር። በማግሥቱ ለብሰው ሲመጡ መመለስ አቃተኝ።»

ሐጂ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በትራቸውን አንዴ መሬቱ ላይ አዞሩት።

«እንግዲህ ማንጎዬን ሁለት ጊዜ አስቆረጥከኝ ማለት ነው» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ተብዬ አላውቅም። ዳኛ ሰድቦኛል፣ አማቴ ሰድባኛለች፣ አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀበሌ ሰድቦኛል። እንዲህ ግን አልቆረጠኝም። ሐጂ ሊነሱ ጉልበታቸውን ሲይዙ እልህ ያዘኝ። ሱቄን አሰብኩ፤ ስንት ነገር ተወሰደ። ይሄ ግን ማንም አልወሰደውም። እኔው ነኝ የሰማሁት፣ እኔው ነኝ መልሼ የነገርኩት። አሁን ተረሳ ብዬ ብለቅቀው እኔ ከዘራፊው በምን ተሻልኩ? እምቢ አልኩ።

«ይቀመጡ ሐጂ። ልድገምልዎት።»

«በየትኛው አፍህ?»

«በዚህ አይደለም» አልኩና ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ። ላፕቶፑን ገና አላገናኘሁትም። እንደዚያን ቀን ዓይኔን ጨፈንኩና ቀጭ፣ ቀጭ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርኩ። ጣት ከምላስ ይልቅ ታማኝ እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ምላሴ ዕድሜ ልኩን ሲጨምር ሲቀንስ የኖረ ነው፣ ጣቴ ግን የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እየመታሁ ጮክ ብዬ አወራሁት። ሞተሩን። ማሳውን። «ማንጎዋ ኮምጣጣ ነበረች...»

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ሐጂ። «ማር ነበረች በል እንጂ! ለመንግሥት ኮምጣጣ ብለህ ትጽፍብኛለህ?»

ይህን ሁሉ ዘመን አጋናኙ እኔ ነበርኩ። አሁን ተራው ተገለበጠ። «አይሆንም» አልኩ። «ያሉኝ ኮምጣጣ ነው። ጥርስዎን አደንዝዛለች፣ አህያዋ አይታዎታለች፣ መጥረቢያ ይዘው ሄደው ጥላዋ ሥር ተኝተው ተመልሰዋል። ‘መቆረጥ ካለባት እኔ ነበርኩ የምቆርጣት። ጠቤን ማን ፍቀድልኝ ብሎ ጨረሰብኝ’ ነው ያሉኝ።»

ሐጂ የጥምጣማቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንደዚያ ብያለሁ?»

«ከሀ እስከ ፐ።»

«እንግዲያ ኮምጣጣ ናት» አሉ። «ጻፋት።»

ላፕቶፑን አገናኘሁት። ብልጭ ድርግም ስትል የከረመችው መብራት ኮምፒውተሯን አገኘችና ፀጥ ብላ በራች። ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ከግማሽ ሆነ። አንጓዬ አንዴም አላቃጠለኝም።

ወረቀቱን ይዘን ከሐጂ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት፤ ፊት ለፊቷ የወረቀት ክምር እንጂ ሌላ አይታይም። አነበበች። መሐል ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሐጂን አየች።

«አባቴ፣ ይህ ረዝሟል። ቅጹ ላይ ዓይነትና ብዛት ነው የሚሞላው። ‘ማንጎ፣ አንድ’ ብዬ ልሙላልዎት። ይሄ ኮምጣጣ የሚለው ደግሞ ይጎዳዎታል፤ ላውጣው።»

«አይወጣም» አሉ ሐጂ።

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ጉዳቱ የኔ ነው አይደል? እንደጎዳኝ ይጻፋል።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ ጸሐፊው እኔ እንደሆንኩ ገብቷታል። «እርስዎ ያስረዷቸው እንጂ።»

«እህቴ፣ ቅጹ ከጠበበ ቅጹን ይሙሉትና ይህን ከኋላው አባሪ ያድርጉት» አልኳት። «የነዚህን ሰዎች ነገር ለማሳጠር ብዙ ተሞክሯል። እኔም ጋ አያጥርም፤ ነገ ስድስት እንዲህ ያሉ ይመጣሉ፣ ከወዲሁ ስቴፕለሩን ይሙሉት።»

ተናዳ ይሁን ተገርማ አላውቅም፤ ወረቀቱን መልሳ አየችው። ከዚያ «አህያዬ አየችኝ» የሚለውን ቦታ በጣቷ ነካ አድርጋ ሳቋን ዋጠች። ሁለቱን ወረቀት አያያዘች። ማኅተሙን አነሳች። ዷ! እንዲህ ያለ ድምጽ ሐጂ ይወዳሉ። ኮምጣጣዋ ማንጎ የገቢ ቁጥር አገኘች። ካሳ ይመጣል አይመጣም የሚለው ሌላ ወሬ ነው፤ ሐጂም ሲወጡ አልጠየቁም።

ስንመለስ ስድስቱ ግንዱ ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ። ሐጂን ሲያዩ ተነሱ። በሩ የተነቀለበት ሰውዬ «ሐጂ፣ ወጣ እንዴ? የኛም አለ?» አላቸው። አሁን ይናገራሉ፣ ተገቢዬ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሐጂ እኔን አዩኝ። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ያልሰማሁትን ቀልድ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«አብሽሩ፣ ሁሉም ውስጡ አለ» አሉ። «አንድም ፊደል አልጎደለም። አንድ በአንድ ግቡ።»

ከዚያ በሩ ላይ ያለችውን አግዳሚ ሳብ አድርገው ተቀመጡ፤ ጆሯቸውን ወደ ሱቁ አዞሩ። ባለቤቴ በኋላ ስትሰማ «እንግዲህ አሁን ሁለት ውሸታም ሆናችሁ» አለች። ግን አንድም ቀን አልዋሸሁም ያን ሳምንት። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ገብቶ ተቀመጠ። ክብሪቱን ከኪቦርዱ ጎን አስተኛሁት፤ እጄን ዝቅ አድርጌ አሳረፍኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጠንከር አድርገህ ምታው!» አሉ ሐጂ ከደጅ።